የቤተሰብ ስም ሪፖርት፦ ለስዊድናዊቷ ምራታችን ሠራ፣ ለአባቴ ስም ግን ከሸፈ

አስቀድሜ ፍርዴን ልናገር፤ ከአምስት ኮከብ ሁለት። አንዱ ለአቀራረቡ ነው፣ ሌላው የምራታችንን ስም በሚመለከት በትክክል ለተጻፈው ክፍል። የእኛ ስም ክፍል ግን ጭራሽ ባይጻፍ ይሻል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስማችሁን ስታስገቡለት «የቤተሰብ ስማችሁ ከየት መጣ፣ ትርጉሙ ምንድን ነው፣ በዓለም ላይ ስንት ሰው ይጠራበታል» ብሎ የሚመልስ ድረ ገጽ አለ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ እንዲህ ዓይነቱ ብዙ ነው። ላይ ላዩን በነፃ ያሳያችኋል፣ ዝርዝሩን ልየው ስትሉ ያስከፍላችኋል፣ ታትሞ በፍሬም ይምጣልኝ ካላችሁ ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው። ስዊድን የሚኖረው የወንድሜ ልጅ የራሱንም የሚስቱንም አዘዘ። የእሷ በፍሬም እዚያው ይመጣል፤ የእኛን ፋይል በቴሌግራም ላከልኝና «አክስቴ፣ አንቺው አትሚና ለአባዬ ስጪልኝ» አለኝ።

ማተሙ ለእኔ ምንም አይደለም። አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለኝ፤ እንጀራዬ ቅጽ መሙላት ነው። ዲቪ በተከፈተ ቁጥር «ላስት ኔም» የሚለው ሳጥን ጋ ስንደርስ ደንበኛው ቀና ብሎ ያየኛል፤ «የአባቴን ነው የአያቴን?» ይላል። እኔም ፓስፖርት ካለህ አምጣ፣ እዚያ ላይ እንዳለው አንድ ፊደል ሳናጎድል እንጻፍ እላለሁ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ትንሽ ያገባኛል ብዬ ነው የምጽፈው።

ከሠራው ልጀምር። ምራታችን በርግስትሮም ነው የቤተሰብ ስሟ። ሪፖርቱ «በርግ» ተራራ፣ «ስትሮም» ጅረት ነው፣ ስዊድኖች ሁለት የተፈጥሮ ቃላት አጋጥመው እንዲህ ዓይነት ስም ማውጣት ይወዱ ነበር ይላል። ከዚያ በፊት አብዛኛው ገበሬ ልክ እንደኛ በአባቱ ነበር የሚጠራው፤ የአንደርስ ልጅ ወንድ ከሆነ አንደርሶን፣ ሴት ከሆነች አንደርስዶተር። የእሱ ልጅ ደግሞ በእሱ ስም ይጠራል፤ ስሙ በየትውልዱ ይቀየራል። ይኼ ቀስ በቀስ እየቀረ መጥቶ በ1901 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ቤተሰቡ ሁሉ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ አንድ ቋሚ ስም እንዲይዝ አደረገ። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ስም ስለሚቆጥርም ሥርጭቱን የሚያሳየው ክፍል ባዶ ግምት አይደለም። አይስላንዶች ይኼንን ሁሉ አልተቀበሉትም፤ ዛሬም በአባት ወይም በእናት ስም ይጠራሉ፣ የስልክ ማውጫቸው ሳይቀር የሚደረደረው በራስ ስም ነው። ይኼን ሳነብ የአይስላንድ ሰው ሱቄ ቢመጣ ቅጽ ለመሙላት አንቸገርም ብዬ ሳቅሁ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና ማንያህልሃል ይባላሉ፤ የምንጃር ሰው ናቸው፣ አዳማ የመጡት ጤፍ ሊነግዱ ነው። ሪፖርቱ የስሙ ምንጭ «ምሥራቅ አፍሪካ»፣ ትርጉሙ «በእርግጠኝነት አይታወቅም፣ ማኑኤል ከሚለው ጋር ሊዛመድ ይችላል» ይላል። ገንደ ጋራ ካሉት እናቶች አንዷን ጠርቶ «ማን ያህልሃል» ምን ማለት ነው ቢላቸው በነፃ ይነግሩት ነበር። የእኛ ስም ብዙ ጊዜ አፍ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማንያዘዋል፣ አትጠገብ፣ ይበልጣል። ስም አውጪው በዚያች ቀን የተሰማውን ነው የሚናገረው። ልጅ ሞቶ ሌላ ሲወለድ ምትኩ ይባላል፣ ካሳ ይባላል፣ ማስረሻ ይባላል። ካሳ የሚባል አያት ያላቸው ሁለት ሰዎች በዘር ላይገናኙ ይችላሉ፤ የሚያመሳስላቸው ቅድመ አያቶቻቸው ሐዘን ያዩ መሆናቸው ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚህ ድረ ገጽ አሠራር ግን ሁለቱም «የካሳ ቤተሰብ» ናቸው። አፄ ቴዎድሮስም አፄ ዮሐንስ አራተኛም ከንግሥና በፊት ስማቸው ካሳ ነበር፤ አንዱ የቋራ፣ አንዱ የትግራይ። የሁለቱን የልጅ ልጆች ቅጽ ላይ ብትሞሏቸው አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ገብተው ዘመድ ይሆናሉ ማለት ነው።

ዋናው ጉድለት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ሪፖርቱ «ማንያህልሃል የተባለው ቤተሰብ» እያለ ነው ከላይ እስከ ታች የሚያወራው። እንዲህ የሚባል ቤተሰብ የለም። የወንድሜ ልጅ ስዊድን ሲመዘገብ የአያቱን ስም ስለሞላ እሱ ማንያህልሃል ሆነ። ወንድሜ ልጁን ሊጠይቅ ሲሄድ የሞላው የራሱን አያት ነው፤ በቀለ። አባት በቀለ፣ ልጅ ማንያህልሃል፤ ዝምድናቸውን ለማሳየት የልደት ማስረጃ አስተርጉመን አያያዝን። እኔ ባለትዳር ነኝ፣ የባለቤቴን ስም አልያዝኩም፤ እኔም በቀለ ነኝ። የእኔ ልጆች ደግሞ በአባታቸው በኩል ስለሚቆጠሩ ከሁለቱም የሉበትም። አንድ ማዕድ የምንበላ ሰዎች በውጭ አገር ወረቀት ሦስት ቤተሰብ ነን።

ስዊድን የተወለደችው የወንድሜ ልጅ ልጅ ግን እዚያ የአባቷን የቤተሰብ ስም ወረሰች። አዳማ ብትወለድ ኖሮ የእሷ ስም፣ የአባቷ፣ የአያቷ ተብሎ ይጻፍና ማንያህልሃል ከመታወቂያዋ ይወጣ ነበር። እንግዲህ ማንያህልሃል የሚባል የቤተሰብ ስም ካለ የተወለደው ምንጃር ሳይሆን ስዊድን ውስጥ በተሞላ አንድ ቅጽ ላይ ነው፣ ዕድሜውም ከልጅቷ ብዙ አይበልጥም። «ምንጭ» በሚለው ክፍል ሥር መጻፍ የነበረበት ይኼ ነው።

የቤተሰብ ስም ሕጋችን ውስጥ የለም እንዳትሉ፤ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዲኖረው ይላል። ሕጉ ከወጣ ይኸው ስድሳ ዓመት አለፈው፤ በሥራ ላይ ግን የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው።

«እጅግ ብርቅ ስም» የሚል ወርቃማ ማኅተምም አለው። የወንድሜ ልጅ በጣም የተደሰተው በዚህ ነበር፤ ደስታውን ላጠፋበት አልፈልግም፣ ግን ብርቅነት እንዴት እንደሚለካ ማወቅ ይገባል። አሜሪካኖች በ2010 እ.ኤ.አ. ቆጠራቸው 100 እና ከዚያ በላይ ሰው የሚጠራባቸውን የቤተሰብ ስሞች ዝርዝር አውጥተዋል፤ 162,253 ስም ነው። ከመቶ በታች የሆነው ዝርዝሩ ላይ አይወጣም። እንግዲህ የሚቆጥር አገር እንኳ ብርቁን ስም ይተወዋል። እኛ ጋ የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999ኙ ነው፣ እሱም ስም በስም የሚያሳይ ዝርዝር አላወጣም። ሪፖርቱ ግን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ» ብሎ ቁጥር አስቀምጧል፤ ከግርጌው በጣም በደቀቀ ፊደል «ግምት» ይላል። ሳተልቀው ነው ያየሁት።

በአውሮፓ ስም ብርቅ የሚሆነው እየከሰመ ሲሄድ ነው፤ ወንድ ልጅ ያልወለደ ቤት ስሙ ከእሱ ጋር ያልቃል። ይኼን ጋልተንና ዋትሰን የሚባሉ እንግሊዞች በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. በሒሳብ ጭምር ሠርተውታል። እኛ ጋ ስም ሦስት ትውልድ መታወቂያ ላይ ይቆይና ይወርዳል፤ ወንድ ልጅ ቢኖርም ባይኖርም። ደግሞ ነገ ጠዋት ምንጃር ውስጥ አንድ አባት ልጁን ማንያህልሃል ቢለው ስሙ እንደ አዲስ ይጀምራል። ታዲያ ብርቅ የሚለው ማኅተም ምኑን ነው የለካው?

አጻጻፉን ሳልነሳ አላልፍም፤ ከሥራዬ ጋር የተያያዘው ይኼ ነው። ነፃውን መፈለጊያ ከፍቼ የአባቴን ስም በላቲን በተለያየ መንገድ አስገባሁት። መሐል ላይ ያሉትን ሁለቱን «ኤች» ስጽፍ «ብርቅ»፣ አንዱን ስተወው «አልተገኘም»፣ መጨረሻው ላይ «ኢ» ስጨምር ደግሞ ሌላ አገር ወሰደኝ። ከዚያ ጎረቤቴ ባጃጅ ነጂው መጣና «የእኔንም እይልኝ» አለ፤ አያቱ ጫላ ናቸው። በእንግሊዝኛው ልማድ በ«ሲ ኤች» ስጽፈው ምንጩ ፔሩ ሊሆን ይችላል አለን። ፔሩ ውስጥ በውቅያኖስ ዳር ጫላ የምትባል ከተማ አለች፤ እሷ እውነት ናት። በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ እንዳለው በቁቤ፣ በ«ሲ» ብቻ፣ አናባቢውን ደርበን ስናስገባው ምንም የለም። ቁቤ ላይ ጥብቁ ጭ የሚጻፈው በ«ሲ» ነው፣ «ሲ ኤች» ለላላው ች ነው፤ ድረ ገጹ ይኼን ከየት ያውቃል። ልጁ ግን አልከፋውም፤ ቀኑን ሙሉ «ፔሩ እንሂድ?» እያለ ተሳፋሪ ሲጠራ ዋለ።

ካርታው ደግሞ አለ። የወንድሜ ልጅ «የአያት መኖሪያ ከተማ» የሚለውን ከድሮ ሰነድ ላይ አይቶ «ናዝሬት» ብሎ ሞልቶታል። ትክክል ነው፣ በዚያን ጊዜ የከተማችን ስም ያ ነበር። ካርታው ላይ ግን ቀይዋ ነጥብ እስራኤል ላይ አረፈች። አባቴ በሪፖርቱ መሠረት ከገሊላ ወደ ስዊድን የተሰደዱ ናቸው።

አርማውን ባላነሳው ደስ ይለኝ ነበር። አንበሳ፣ ጋሻ፣ የብረት ቆብ፤ ከሥሩ ስማችን። ከ1484 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንግሊዝን አርማ የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ራሱ አርማ ለሰው ይሰጣል እንጂ ለቤተሰብ ስም አይሰጥም ይላል፤ ስለዚህ በርግስትሮምም ሆነ ማንያህልሃል ላይ የተለጠፈው ጌጥ ነው። ማዕረግ ከተፈለገ እኛ የፈረስ ስም ነበረን፤ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው። እሱም ቢሆን የሰውየው ነበር፣ ልጅ አይወርሰውም።

ስለ ደንበኛ አገልግሎታቸው፦ ፈጥነው ይመልሳሉ። «በአገራችን ሦስተኛው ስም የአያት እንጂ የቤተሰብ አይደለም» ብለን ጻፍን፤ አመስግነው «የላቀውን ጥቅል ቢገዙ የቤተሰብ ታሪክዎን ራስዎ ማረም ይችላሉ» አሉን። አርመን የምንሰጣቸው እኛ፣ የምንከፍለውም እኛ!

ማን ይግዛ? ስሙ ከአባት ወደ ልጅ ለዘመናት የሚተላለፍበት፣ መንግሥቱም ስም የሚቆጥርበት አገር ሰው ከሆነ ይግዛ፤ ለአማት፣ ለምራት ጥሩ ስጦታ ነው። ስሙ የአያቱ ለሆነ ሰው አልመክርም። የዘር ነገር ከሆነ የሚፈለገው መንገዱ ሌላ ነው፤ አማራው ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፣ ኦሮሞው ጎሳውን ይጠይቃል፣ ከረዩም አርሲም አባቶቹን እየጠራ ወደ ላይ ይወጣል። ይኼ መታወቂያ ላይ አይጻፍም፣ ኢንተርኔት ላይም አይገኝም። አረጋውያኑ ሳሉ ሄዶ መጻፍ ነው።

እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ከሪፖርቱ ውስጥ የምራታችንን ገጽ ብቻ በአማርኛ መልሼ አተምኩት። የእኛን ትቼ ወንድሜን አስቀምጬ አስቆጠርኩት፤ አምስተኛው ላይ ተያዘ፣ ምንጃር ያለችው እትዬ በስልክ ጨረሰችልን። በግዕዝ ፊደል ጻፍኩ፣ ከጎኑ ፓስፖርት ላይ ባለው የላቲን አጻጻፍ፣ ከሥር ማን የት እንደኖረ። አዳማ ያለችበት ቦታ ላይ «አዳማ፣ በቀድሞው አጠራር ናዝሬት» አልኩ፤ ልጅቷ አድጋ ካርታ ብትፈልግ እስራኤል እንዳትሄድብን። ላሚኔት አድርጌ ሰጠሁት። እንዲህ ማሠራት የሚፈልግ ካለ ዋጋው የተራ ጽሕፈት ነው፣ ቆጥሮ መምጣት ግን የባለቤቱ ፋንታ።

የወንድሜ ልጅ የእኛን ክፍል ገንዘብ መልሱልኝ ብሎ ነበር፤ አንዴ ለወረደ ፋይል አንመልስም አሉት። የምራታችን ፍሬም ደርሷታል፣ መስታወቱም ደህና ነው።