20 ሰከንድ መቆም ያቃተው ትራይፖድ

በመስከረም መጀመሪያ ላይ ከአንድ የካሜራ ዕቃ መሸጫ ሱቅ የካርቦን ፋይበር ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) በ28 ሺህ ብር ገዛሁ። የገዛሁት ለሌሊት ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለኝ የአሉሚኒየም ትራይፖድ ሦስት ኪሎ ተኩል ስለሚመዝን፣ የእንጦጦን ዳገት ተሸክሜው በወጣሁ ቁጥር ትከሻዬ ሦስት ቀን ያመኝ ነበር፤ አዲሱ ግን ከነጭንቅላቱ፣ ማለትም ካሜራው ከሚታሠርበት ባለ ኳስ ክፍሉ ጋር፣ አንድ ኪሎ ከግማሽ እንኳ አይሞላም። ሻጩ በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ እያሳየኝ፣ «ወንድሜ፣ ይህ እኮ 12 ኪሎ ይሸከማል፤ የአንተ ካሜራ ለሱ ምኑም አይደለም» አለኝ። ካርቶኑም ላይ 12 ኪሎ የሚል በትልቁ ተጽፏል። እኔም አመንሁ።

በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት አንዳች እንከን አላየሁበትም፤ አሁን ሳስበው ግን ትራይፖዱ በእነዚያ ወራት ጨርሶ አልተፈተነም ነበር። መስከረም 16 ደመራው ሲቀጣጠል የእሳቱ ብርሃን ብዙ ስለሆነ፣ ካሜራውን በእጅ ይዞም ማንሳት ይቻላል። የከተራ ሌሊት ጃን ሜዳ ላይ ድንኳኖቹንና ጧፍ ያበሩ ምእመናንን ያነሳሁት ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ) ለሁለት ሰከንድ ብቻ ከፍቼ ነው። ከእንጦጦ ላይ የከተማውን መብራት ስቀርጽም ከአምስት ሰከንድ አላለፍሁም፤ ካሜራውም ወደ ታች እንጂ ወደ ሰማይ አልቀናም ነበር።

ጉዱ የወጣው በየካቲት የመጨረሻ ሳምንት፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ባሌ ውስጥ ሳነቴ አምባ ላይ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ ሜዳ ከጎባ ተነስተን ስንደርስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፎ ነበር። በዚህ ወቅት የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ ክፍል በደቡብ ምሥራቅ በኩል የሚወጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለሆነ፣ ሊነጋጋ ሲል ካለችው አጭር ጊዜ ውጭ ዕድል የለም። ወሩ እየገፋ ሲሄድ ቀድሞ ይወጣል፤ ሰኔ ላይ በምሽቱ ሰማይ ሲሞላ ደግሞ ክረምቱ ይመጣና ደመናው ይጋርደዋል። ስለዚህ ለእኛ አገር የከዋክብት ፎቶ አንሺ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያሉት ጥቂት ጨለማ ሌሊቶች የዓመት ቀለብ ናቸው።

አንድ ረጅም የጅብራ ተክል ከፊት አድርጌ፣ የ24 ሚሊሜትር ሌንስ ገጥሜ፣ ካሜራውን ወደ ሰማይ ቀና አድርጌ አሠርሁት። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ሹተሩ ብዙ ከተከፈተ ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ይቀርና ሰረዝ ይሆናሉ፤ የተለመደው ስሌት 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር ማካፈል ነው፤ ለእኔ 20 ሰከንድ ያህል ይሰጠኛል። በ20 ሰከንድ አነሳሁ፤ ከዋክብቱ ሰረዝ ሆነው ወጡ። ስሌቱን ተጠራጥሬ ወደ 15 ዝቅ አደረግሁ፤ ያው ነው። በ10 ሰከንድም ሞከርሁ። የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፍቻለሁ፤ የሁለት ሰከንድ ማዘግያም ተጠቅሜያለሁ፤ ነፋሱም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ቦርሳዬንም ከመሃሉ ምሰሶ ሥር ሰቅዬበታለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ራሴን ስወቅስ ከቆየሁ በኋላ ምስሉን አጉልቼ ሳይ ጅብራው ራሱ ሰረዝ ሆኗል፤ ያውም ከከዋክብቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ፣ ወደ ላይ። ምድር ዞራ ቢሆን ኖሮ ሰረዝ የሚሆኑት ከዋክብቱ ብቻ ነበሩ። ጅብራው ከመሬት ጋር የቆመ ነው። የተንቀሳቀሰው ካሜራዬ ነው፤ ጭንቅላቱ ጠብቆ ታስሮ ሳለ በዓይን በማይታይ ፍጥነት ወደ ታች እያዘነበለ ነበር። ማጥበቂያውን በእጄ ስነካው ከሞቀው መኪና እንደወጣሁ እስከ መጨረሻው ያጠበቅሁት ቡሎን ተጨማሪ ሩብ ዙር ዞረልኝ።

አዲስ አበባ እንደተመለስሁ በአራተኛ ፎቅ ላይ ካለው በረንዳዬ በሩቅ ሕንፃ ላይ በቆመ ክሬን ቀይ መብራት ፈተንሁት። ካሜራው ደልደል ብሎ ሲቀመጥ መብራቱ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ቀና ሲል ግን በአምስት ደቂቃ ውስጥ 40 ፒክስል ያህል ይሸሻል፤ አብዛኛውንም የሚሸሸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ነው። በዚህ ሌንስና በ24 ሚሊዮን ፒክስል ካሜራ አንድ ፒክስል የሚሸፍነው ከአንድ ዲግሪ መቶኛ ብዙም የማይበልጥ ስፋት ስለሆነ፣ የፀጉር ያህል መንሸራተት ምስሉን ለማበላሸት ይበቃል። ቅዝቃዜውን ለማጣራት ደግሞ ጭንቅላቱን ነቅዬ፣ ሞቃት ክፍል ውስጥ አጥብቄ፣ ለሁለት ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ አኖርሁት። ሲወጣ ማጥበቂያው እንደ ሳነቴው ሌሊት ዞረ። (ባለቤቴ ከቅቤው ጎን ስታገኘው ያለችውን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።)

ሱቁ ወሰድሁት። ሻጩ ካሜራዬን ተቀብሎ አሠረው፣ አጠበቀው፣ ሁለት ሰከንድ ያህል ተመለከተውና፣ «ይኸው፣ መቼ ተንቀሳቀሰ?» አለኝ። ለዚህ መልስ የሰጠሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬም በልቤ እየመለስሁለት እኖራለሁ። ወንድሜ፣ 12 ኪሎ ስትለኝ ቀጥ ብሎ ከላይ የተጫነ ሸክም ማለትህ ነው፤ እግሮቹ በእርግጥ ይችሉታል። የእኔ ካሜራ ከነሌንሱ ሁለት ኪሎ አይሞላም፤ ነገር ግን ሌንሱ ወደ ፊት ወጥቶ ሲያዘነብል ኳሷን የሚጠመዝዛት ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ርቀቱም ጭምር ነው። አንተ የምትሸጠው በቀን ብርሃን፣ በሁለት ሰከንድ ነው፤ እኔ የምጠቀምበት በጨለማና በብርድ፣ በ20 ሰከንድ ነው። ሻጩ ግን ይህን ሁሉ አልሰማም፤ «አጠባበቅህ ነው» ብሎኛል፣ ዕቃውንም አልመልስም ብሏል።

መላ የለውም አልልም። ካሜራውን ከሚፈለገው ትንሽ ከፍ አድርጎ ማሠር፣ ሦስት ደቂቃ መጠበቅ፣ ማጥበቂያውን እንደገና መያዝ፣ ከዚያ ማንሳት ይቻላል። እኔ ግን ለዓመት አንድ ጊዜ በምትገኝ ሌሊት ሊጡ እስኪቦካ እንደሚጠብቅ ሰው ትራይፖዴ አጠገብ መቆም አልፈልግም። አሁን ጭንቅላቱን አውጥቼ የአሮጌውን ጭንቅላት በላዩ ገጥሜበታለሁ፤ ካርቦኑም በብርድ እንደ አሉሚኒየም እጅ አይቆርጥም፣ ይህን አልክድም። ይሁንና የአሮጌው ጭንቅላት ብቻውን 700 ግራም ስለሚመዝን፣ በ28 ሺህ ብር የገዛሁት ቅለት ከፊሉ በነነ። ዛሬ ቢሆን ኖሮ አልገዛውም ነበር።

ከሳነቴ ጥርት ብሎ የወጣልኝ ፎቶ አንድ ብቻ ነው። ሊነጋ ሲል ተስፋ ቆርጬ የሾፌራችንን ጋቢ አጥፌ ድንጋይ ላይ አነጠፍሁ፤ ካሜራውን በጋቢው ላይ አስተኝቼ ያንኑ ጅብራ በ20 ሰከንድ ከታች ወደ ላይ አነሳሁት። አሁን ሳሎናችን ተሰቅሏል፤ እንግዳ መጥቶ በምን እንዳነሳሁት ሲጠይቀኝ፣ ትራይፖዱ በሩ ኋላ ቆሞ ይሰማኛል።