ገርላን ሳምሳራ፦ ደጋ ላይ የሚያምር ጃስሚን

ጃስሚን ተብሎ የሚሸጥ ሽቶ ሁሉ ጃስሚን ጃስሚን አይልም። መርካቶ በትንንሽ ብልቃጥ የሚሸጠውን የዘይት ሽቶ ቀብቶ የሚያውቅ ይገባዋል፣ መጀመሪያ ከረሜላ ከረሜላ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ራስ ምታቱ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ሰው ጃስሚን አልወድም ሲለኝ ቶሎ አላምነውም፣ የቱን አሽትተህ ነው እለዋለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ገርላን ሳምሳራ ነው፣ ስለ ኦ ደ ፓርፋሙ፣ ማለትም ጠንከር ስላለው ዓይነቱ፣ ፓሪስ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ስትመጣ ይዛልኝ መጥታ አሁን ጠርሙሱ ከግማሽ በታች ወርዷል። የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ይሄንንም ያዙልኝ ምክንያቱም የዚህን ሽቶ ነገር ብርዱ ብዙ ይወስነዋል።

ገርላን እ.ኤ.አ. በ1828 ፓሪስ ላይ የተከፈተ ቤት ነው፣ የ1925ቱን ሻሊማር የሰራውም እሱ ነው፣ ከትውልድ ትውልድ በቤተሰቡ እጅ ቆይቶ በ1994 ኤልቪኤምኤች የሚባለው የፈረንሳይ የቅንጦት ዕቃ ኩባንያ ገዛው። ሳምሳራ የወጣው ከዛ በፊት በ1989 ነው፣ ቀማሚው ዣን ፖል ገርላን ነው፣ የቤተሰቡ አራተኛ ትውልድ። ያላንግ ያላንግ የሚባለው አበባ፣ ጽጌረዳ፣ አይሪስ፣ ቫኒላ ምናምን አለበት ግን እነሱ አጃቢ ናቸው፣ ሽቶው የቆመው በሁለት ነገር ላይ ነው፣ ጃስሚን እና ሰንደል እንጨት። ሰንደሉ የተፈጥሮው ፖሊሳንቶል ከሚባለው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ተሰርቶ ሰንደል ሰንደል ከሚለው ቅመም ጋር ተዋህዶ ነው የተሰራው፣ እና በጣም በብዛት ነው የገባው፣ በቁንጥር አይደለም።

እንግዲህ ስትረጩት መጀመሪያ የሚመጣው ቤርጋሞት ነው፣ ሎሚ ነገር፣ ከያላንግ ያላንጉ ጋር ሆኖ ትንሽ ይጮሃል፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ፊቱን አዙሮ አይሆነኝም የሚለው። እባካችሁ እዚህ ላይ አትፍረዱ። እጃችሁ ላይ አድርጉትና ሌላ ሥራችሁን ስሩ፣ ሳታስቡት ጃስሚኑ ብቅ ይላል፣ መጀመሪያ ነጭ ንጹህ አበባ ሆኖ፣ ቀጥሎ ሞቅ ያለ ወፈር ያለ፣ ትንሽ የበሰለ ፍሬ የሚመስል ነገር ይጨምራል። ያ ሙቀት በአብዛኛው የኢንዶል ሥራ ነው፣ እውነተኛው አበባ ውስጥ በተፈጥሮ ያለ ነገር ነው፣ ብቻውን በብዛት ቢያሸቱት የሚከረፋ፣ በትንሹ አበባው ውስጥ ሲሆን ግን ለጃስሚን ሥጋና ደም የሚሰጠው እሱ ነው። ርካሾቹ ሽቶዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለውም ይሄው ነው፣ ስኳሩ ብቻ ነው ያለው።

ዋጋውን ሰምታችሁ ለአንድ አበባ ነው ይሄ ሁሉ ካላችሁ ደግሞ አበባውን እዩት። ጃስሚን እንደ ጽጌረዳ በእንፋሎት አይወጣም፣ ሙቀቱ ያበላሸዋል። ድሮ ግራስ የምትባለው የፈረንሳይ ከተማ አበባውን ስብ በተቀባ መስታወት ላይ እየደረደሩ ስቡ መዓዛውን እስኪጠጣ ይጠብቁ ነበር፣ እናቶቻችን ለጋ ቅቤ በአደስ እንደሚያሸቱት ማለት ነው። አሁን እንደ ሄክሴን ያለ ማሟሚያ ይጠቀማሉ፣ ከዛ የወጣው ሰም መሳይ ነገር በአልኮል ታጥቦ አብሶሉት የሚባለውን የጠራ የአበባ መዓዛ ይሰጣል። አበባው ጎህ ሲቀድ በእጅ ነው የሚለቀመው ምክንያቱም ፀሐይ ከከረረ መዓዛው ይደክማል፣ 1 ኪሎ ለመሙላት ከ8,000 እስከ 10,000 አበባ ይፈልጋል፣ 1 ኪሎ አብሶሉት ለማግኘት ደግሞ ከ600 ኪሎ በላይ አበባ። ዛሬ ዓለም ላይ አብዛኛው ከግብፅና ከህንድ ነው የሚመጣው። የዚህን ያህል የሰው እጅ ያለፈበትን ነገር የያዘ ሽቶ ከብልቃጥ ዘይት ጋር በዋጋ ማወዳደር ለእኔ ልክ አይደለም።

ወደ ሱሉልታ ልመለስ። ብርድ ላይ ሽቶ ቀስ ብሎ ነው የሚተነው፣ ስለዚህ ቀለል ያሉት የሎሚ ሽቶዎች እዚህ ንፋሱ ላይ ገና ከበር ሳትወጡ የጠፉ ነው የሚመስላችሁ። ሳምሳራ ግን ሹራብና ጋቢ ስር ሞቅ ብሎ ይቀመጥና በተንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይወጣል፣ ነጠላ ጫፍ ላይ ከነካ በማግስቱም አለ፣ ያኔ አበባው ሄዶ ሰንደሉና ቫኒላው ነው የሚቀረው እና ለእኔ በጣም የሚያምረኝ ይሄ መጨረሻው ነው። ባለፈው ቡና ላይ ጎረቤቴ እማማ ቀና ብለው "አንቺ፣ ሰንደል አጭሰሽ ነው እንዴ የመጣሽው?" አሉኝ፣ ኧረ ሽቶ ነው እማማ ስላቸው አንገቴ ስር ጠጋ ብለው አሸተቱና "አይ፣ ይሄስ አበባም አለው፣ ጠንበለል ጠንበለል ይላል" አሉ። ልክ ናቸው፣ ጠንበለል ራሱ ከጃስሚን ወገን ነው፣ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ነጭ አበባ የሚያወጣው እሱ ነው፣ በሱ ያደገ አፍንጫ ጃስሚንን አይስትም።

አቀባቡን ልንገራችሁ፣ አንድ ጊዜ አንገት ስር፣ ቢበዛ አንድ ጊዜ ልብስ ላይ፣ በቃ። ጠዋት መስኮቱ ዝግ በሆነ ሚኒባስ ተጣብበን በጎጃም መንገድ ወደ ከተማ ስንወርድ ሶስት አራት ጊዜ ረጭቶ መግባት ነውር ነው፣ የሰው አፍንጫ መከበር አለበት። ቤተክርስቲያን ስሄድ ደግሞ ጭራሽ አልቀባውም፣ እዛ እጣኑ ይበቃል። አዳማ ወይ ድሬዳዋ ለምትኖሩ ኦ ደ ፓርፋሙ ቀን ላይ ይከብዳል፣ ጣፋጩ ያይላል፣ እናንተ ኦ ደ ቷሌቱን ሞክሩ፣ እሱ ቀለል ይላል፣ ወይ ለማታ አቆዩት። ቢሮ ውስጥ ሳሙና ሳሙና የሚል ንጹህ ነገር የምትወዱ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ፣ ይሄ ገብቶ ዝም የሚል ሽቶ አይደለም።

ሌላው የፌክ ነገር ነው። ከተማ ውስጥ አንድ ሱቅ ኦርጅናል ነው ብለው ያወጡልኝን ሳየው ካርቶኑ ሥር ያለው ባች ኮድ (የምርት መለያው) ጠርሙሱ ሥር ካለው ጋር አይገናኝም፣ ክዳኑን ከፍቼ ሳሸተው አልኮልና ስኳር ብቻ ነው፣ ሰንደል የሚባል ነገር የለበትም፣ አመስግኜ ወጣሁ። ስለዚህ ኮዱን ሳታመሳስሉ፣ እጃችሁ ላይም ሳታቆዩት ብር አትክፈሉ፣ ሻጩ ማሸተት አይቻልም ካለ ጥላችሁ ውጡ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከራሱ ከገርላን ሱቅ ወይ ከታወቀ የሽቶ ቤት እንዲገዛላችሁ ንገሩት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ትንሹን ጠርሙስ። ስታገኙት ደግሞ መስኮት ላይ ለጌጥ አታስቀምጡት፣ ፀሐይ ጃስሚኑን ቶሎ ይገድለዋል፣ ቁምሳጥን ውስጥ በካርቶኑ ይቀመጥ።