ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል ምን እንግዛ? ራጅ፣ አልትራሳውንድ ወይስ ኢአይቲ

ድሬዳዋ ወይም ሐረር ላይ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምታደራጁ ከሆነ፣ ያለ ጊዜው ተወልዶ ሳንባው ለረጅም ጊዜ የተጎዳውን ሕፃን አስባችሁ ግዙ። የእሱ ሳንባ አንዱ ጎን ተኮማትሮ አየር አያስገባም፤ ሌላው ጎን አየር አምቆ ከመጠን በላይ ተነፍቷል። የቬንቲሌተሩን (የመተንፈሻ ማሽኑን) ግፊት ስትጨምሩ የመጀመሪያው ሊከፈት ይችላል፣ ሁለተኛው ግን ሊብስበት ይችላል። በሽታው ሲከፋ ቀርፋፋ የትንፋሽ ፍጥነት የሚመረጠውም የታመቀው አየር እስኪወጣ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ማየት ያስፈልጋል።

ተንቀሳቃሽ ራጅ የተነፋውን ያሳያል፤ ድያፍራሙ (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ልቡም በምስሉ ላይ ጠባብ ሆኖ ይታያል። ችግሩ ጨረር ስላለው ግፊቱ በተቀየረ ቁጥር አይነሳም።

አልትራሳውንድ ጨረር የለውም። ጄሉን ሞቅ አድርጎ፣ በኢንኩቤተሩ መስኮት እጅ አስገብቶ፣ ኦክስጅኑን እያዩ በቀን ደጋግሞ መመርመር ይቻላል። የተኮማተረውንና ውሃ ያዘለውን ሳንባ በደንብ ያወጣል። የተነፋውን ግን አይለይም፤ አየር ድምፁን ስለሚመልሰው ጤነኛውና የተነፋው ይመሳሰላሉ። ስትገዙ ከማሽኑ ይልቅ ፕሮቡን (ሰውነት ላይ የሚደረገውን የእጅ መመርመሪያ) ተመልከቱ፦ ትንሽ ሊኒየር (ፊቱ ቀጥ ያለ)፣ ከ10 ሜጋኸርዝ በላይ። ለእርግዝና ምርመራ የሚውለው ፕሮብ ለዚህ አይመችም።

ኢአይቲ በደረት ዙሪያ የሚታሰር የኤሌክትሮድ ቀበቶ ነው። በጣም ደካማ ኤሌክትሪክ አሳልፎ አየሩ ወደ የት እየገባ እንደሆነ በየትንፋሹ ያሳያል። ለቬንቲሌተር ማስተካከያ ከሁሉም ቀጥተኛው እሱ ነው፤ የሳንባውን ቅርጽ ግን አያሳይም። በሕፃኑ ልክ የተሠራ ቀበቶ ዘወትር መገኘት አለበት፣ ምስሉን የሚያነብ ሰውም ያስፈልጋል።

ሲቲ ስካን ለዕለት ተዕለት ማስተካከያ አይሆንም፤ በቬንቲሌተር ላይ ያለን ሕፃን አጓጉዞ መውሰድ ራሱ አደጋ አለው።

የእኔ ምክር፦ ተንቀሳቃሽ ራጅ ከሌላችሁ መጀመሪያ እሱን ግዙ። ካላችሁ ገንዘቡን በአልትራሳውንድና በጥሩ ፕሮብ ላይ አውሉት፣ የራጁንና የአልትራሳውንዱን ምስል አብራችሁ አንብቡ። ኢአይቲ ለሳምንታት በቬንቲሌተር ላይ የሚቆዩ ሕፃናት ላሉት ክፍል በሦስተኛ ደረጃ ይምጣ።

የድሬዳዋን ሙቀትና የመብራት መቆራረጥ አትርሱ። ባትሪው ስንት ሰዓት ይይዛል? ማሽኑ የሚችለው ሙቀት እስከ ስንት ነው? ቢበላሽ ባለሙያው ከአዲስ አበባ በስንት ቀን ይደርሳል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የሌሊት ተረኞች ሥልጠናም በውሉ ውስጥ ይግባ፤ ሕፃኑ ኦክስጅኑ የሚወርድበት ሰዓት አይታወቅም።