በውሃ ውስጥ ለሚቀመጥ መሣሪያ የትኛው ሳጥን ይሻላል? አሉሚኒየም፣ ስቴንለስ ስቲል ወይስ አክሪሊክ

በሰሜን ሸዋ በጉድጓድ፣ በኩሬ ወይም በወንዝ ውስጥ ካሜራና መለኪያ አሽጎ ለማስቀመጥ ሳጥን የሚገዛ ሰው በቅድሚያ የሚያነጻጽረው ዋጋንና ጥንካሬን ነው። መሣሪያው የሚያመነጨው ሙቀት በየት በኩል ወደ ውሃው እንደሚወጣ ግን ከመግዛት በፊት መሰላት አለበት።

20 ዋት የሚያመነጭ መሣሪያ፣ 0.1 ካሬ ሜትር የገጽ ስፋትና 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሳጥን ውስጥ አለ እንበል። ሙቀት የማስተላለፍ አቅም ለአሉሚኒየም ቅይጥ ወደ 167፣ ለስቴንለስ ስቲል ወደ 16፣ እንደ መስታወት አሻግሮ ለሚያሳየው ፕላስቲክ፣ ለአክሪሊክ፣ ወደ 0.2 ዋት በሜትር በዲግሪ ነው። ውፍረቱን በዚህ አቅምና በስፋቱ አካፍለን በ20 ዋት ስናባዛ፣ በሁለቱ ብረቶች ግድግዳ ላይ የሚፈጠረው የሙቀት ልዩነት ከ0.1 ዲግሪ በታች ሲሆን በአክሪሊኩ 5 ዲግሪ ይደርሳል። ውጭ ያለው ውሃ በዚህ ልዩነት ላይ 1 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። በሳጥኑ ውስጥ የታሰረው ጸጥ ያለ አየር ግን በካሬ ሜትር በዲግሪ 5 ዋት ያህል ብቻ ስለሚያስተላልፍ፣ ብቻውን 40 ዲግሪ ይጨምራል።

ስለዚህ መሣሪያው ግድግዳውን ሳይነካ በአየር መካከል የሚቀመጥ ከሆነ፣ ለአሉሚኒየም የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ የሚያተርፈው 5 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ለዚህ አክሪሊክ ይበቃል፣ ካሜራም በውስጡ አሻግሮ ያያል። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን የታሸገ ሳጥን የሚይዘው አየር ደግሞ ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ የሳሳ ስለሆነ፣ ሙቀቱ ከስሌቱም ከፍ ሊል ይችላል።

አሉሚኒየም ዋጋውን የሚያወጣው ሙቀት አመንጪው ክፍል በሙቀት አስተላላፊ ቅባት ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ በብሎን ሲታሰር ነው፤ ያን ጊዜ አየሩ ከመንገዱ ይወጣል፣ ሙቀቱም በብረቱ ላይ ተሰራጭቶ ወደ ውሃው ይገባል። በአክሪሊክ ላይ እንዲህ ማሰር አይጠቅምም፤ የሚነካካው ስፋት 0.01 ካሬ ሜትር ቢሆን ግድግዳው ብቻውን 50 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ስቴንለስ ስቲል ሙቀትን ወደ ጎን በደንብ ባያሰራጭም፣ በክረምት ደራሽ ጎርፍ ድንጋይ በሚያንከባልልባቸው ወንዞች እኔ እርሱን እመርጣለሁ።

በበጋ ውሃው ሸሽቶ ሳጥኑ ከተጋለጠ ግን በውጭም አየር ይከበዋልና፣ ግንኙነቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ወደ 40 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ይጨመራል። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ቆላ ስሌቱ በቀትር የአየር ሙቀት ላይ ተመሥርቶ ይሠራ፤ ውጤቱ መሣሪያው ከሚችለው በላይ ከሆነ፣ ውሃው ሲጎድል ኃይሉን የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ አብሮ ይገዛ።