ኮራል ቤት ውስጥ በአኳሪየም (የመስታወት የውሃ ታንክ) ማርባት ወይስ ኤላት፣ እስራኤል ውስጥ ቀይ ባሕር ዳር ያለችው ከተማ፣ ሄዶ ማየት?

ወጪ፦ አኳሪየሙ ኪስ ያራቁታል፣ መብራቱ፣ ፓምፑ፣ ማሞቂያው፣ ጨውና የተጣራ ውሃው። ኤላት መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ይዘህ መግባት ነው፣ ውዱ ሆቴሉ ነው።

ልፋት፦ ኤላት ምንም። አኳሪየሙ ግን ባክቴሪያው ከቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ጉዳቱ ወደቀነሰ ናይትሬት መቀየር እስኪለምድ ሳምንታት ይፈጃል፣ ችኩል ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

አደጋ፦ ቤት ውስጥ ውሃው ከ25-26 ዲግሪ ብዙ ከፍ ብሎ ከቆየ ኮራሉ በብርሃን ምግብ የሚሠራለትን አልጌ ከሰውነቱ ያስወጣና ነጭ ይሆናል፣ ይሄ እኮ ባሕር ላይ በትልቁ እየሆነ ያለው ነገር ነው፣ ቴርሞሜትሩን በየቀኑ ስታይ የአየር ንብረት ለውጥ የዜና ወሬ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ኤላት ላይ አደጋው ካንተ ወደ ኮራሉ ነው፣ አትርገጥ፣ አትንካ በቃ።

ተፈጥሮን ማወቅ፦ ባሕሩ ስፋቱን ያሳይሃል። ታንኩ ደግሞ ኮራል ድንጋይ ሳይሆን እንስሳ መሆኑን፣ ማታ እጆቹን ዘርግቶ ሲበላ ታየዋለህ (እኔ ለዚህ አደላለሁ)።

ቤት ኪራይ የምትቀያይር ወይ ብዙ የምትጓዝ ከሆነ ኤላት ይበቃሃል። ቋሚ ቤትና ትዕግስት ካለህ አኳሪየም፣ ግን ከባሕር የተነቀለ ሳይሆን ከሌላ አርቢ የተቆረጠ ቁራጭ ግዛ፣ ክላውንፊሽ የሚባለው ዓሣም ታንክ ውስጥ የተፈለፈለ አለ።