ለገና ስጦታ፦ «ጦቢያ» ወይስ «ፍቅር እስከ መቃብር»?

የእህቴ ልጅ 15 ዓመቷ ነው። ለገና መጽሐፍ ልገዛላት ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ ወደሚባለው ሰፈር ወጥቼ እጄ ላይ ሁለት ቀሩ።

የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው ነው። ቀጭን ስለሆነ የድሬ ሙቀት ሰውን ቤት በሚያስቀምጥበት ከሰዓት፣ በሁለት ቀን ያልቃል። የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የምትጓዘው ልጃገረድ ነገር ልብ ይሰቅላል። አማርኛው ግን የድሮ ነው፤ እኔ ራሴ (አልዋሽም) አንዳንዱን ቃል ዘልዬዋለሁ።

የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ 1958 ዓ.ም.፣ እንደ ጡብ ይከብዳል። በዛብህና ሰብለ ወንጌል እስኪገናኙ ትዕግሥት ይፈልጋል። ቋንቋው ግን ይፈስሳል፤ ጉዱ ካሣ የአገሩን ወግ ሲተች ደግሞ ጎረምሳ ሁሉ ጆሮውን ያቆማል።

ለትንሹ ወንድሟ ቢሆን ሁለቱንም ትቼ ሥዕል ያለው ተረት እገዛ ነበር። ለእሷ ወፍራሙን አስጠቀለልኩ፤ እስከ ፋሲካ ትጨርሰዋለች።