እትዬን ላመሰግን፣ ለምትፈልጉም ልጠቁም

ይህን የምጽፈው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ላላችሁ፣ በተለይ በነርስነት፣ በአረጋውያን እንክብካቤና በስልክ አገልግሎት ለምትሠሩ ነው። እንግሊዝኛው እያላችሁ በየደቂቃው "ምን አልሽ?" የምትባሉ ከሆነ የኛ እትዬ ጋ ሂዱ። ስማቸው እንዲጠራ ስላልፈለጉ ሁላችንም እንደምንጠራቸው እትዬ ልበላቸው። አገር ቤት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። አሁን አሌክሳንድሪያ ቤታቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በምግብ ጠረጴዛቸው ዙሪያ ጥቂት ሰው ሰብስበው ያስተምራሉ።

ሰዋስው አይነኩም። "ቲ ኤች" በጥርስና በምላስ መካከል በትክክል ወጣ አልወጣ ብዙም አያስጨንቃቸውም። የሚያስተምሩት ዜማውን ነው፤ የቱ ቃል እንደሚጎላ፣ የቱ እንደሚዋጥ፣ ድምፅ የት ወጥቶ የት እንደሚወርድ።

እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው። አንድ ቀን ተረኛ ስንቀያየር የምንጠያየቃትን "ዲድ ዩ ጊቭ ሂም ዘ ሜድስን?" የምትል ዓረፍተ ነገር ይዘው ብዙ አቆዩን። "ጊቭ" ከጎላ ጥያቄው መድኃኒቱ ተሰጠ ወይስ ገና ነው። "ሂም" ከጎላ፣ ለእሱ ነው ወይስ ለሌላው በሽተኛ? "ዩ" ላይ ከበረታን ግን "አንቺ ነሽ የሰጠሽው?" ይሆንና ባልደረባችን የተከሰሰች ይመስላታል። እኛ ይህን በ"ነው"፣ በ"ማ"፣ በ"እኮ" እንጨርሰዋለን፤ "እኔማ ሰጥቼዋለሁ" ለማለት ድምፅ ማንሳት አያስፈልገንም። እንግሊዝኛ ይህን ሥራ በአብዛኛው የጣለው ድምፅ ላይ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ቃል እኩል እየረገጥን ስናወራ ሰሚው የቱን እንደሚይዝ ይጠፋዋል።

ቁጥር ደግሞ የባሰ ነው። ብቻቸውን ሲጠሩ "ፊፍቲን" መጨረሻው፣ "ፊፍቲ" መጀመሪያው ይጎላል። "ፊፍቲን ሚሊግራም" ሲባል ግን ጉላቱ ወደ ቃሉ መጀመሪያ ይሸሻልና 15 እና 50 ይቀራረባሉ። በመድኃኒት ሥራ "ዋን ፋይቭ" እያሉ አንድ በአንድ መጥራት የሚመከረው ለዚህ ነው።

የነገሩን አንድ ጉዳይ በሥራ ቦታ "ለምን ተቆጣሽ?" ለሚባሉ ሁሉ ይጠቅማል። ጆን ጋምፐርዝ የተባለው የቋንቋ ምሁር በአንድ የእንግሊዝ አየር ማረፊያ የሠራተኞች ካፌ ያጠናው ነው። አዲስ የተቀጠሩ ሕንዳውያንና ፓኪስታናውያን ሴቶች ፊት ይነሳሉ፣ አይተባበሩም ተባሉ። ለተመጋቢው ግሬቪ (የሥጋ መረቅ) ይጨመር እንደሆነ ሲጠይቁ፣ እንግሊዛዊቷ አስተናጋጅ "ግሬቪ?" ብላ ድምፁን ወደ ላይ ታነሳዋለች፤ እነሱ ወደ ታች ይጥሉታል። ለሰሚው "ይኸው ግሬቪ፣ ከፈለግህ ውሰድ" ይሆንበታል። ቃሉ ያው፣ ትሕትናውም በልባቸው አለ። ነገሩ የተገለጠው የተቀዳው ድምፅ ተከፍቶ አብረው ሲሰሙት ነው።

አሠራራቸውን ብታዩ ትስቃላችሁ። ለእያንዳንዳችን ወፍራም ላስቲክ ይሰጡናል፤ የሚጎላው ክፍለ ቃል ላይ እንለጥጠዋለን፣ ሌላው ላይ እናላላዋለን። ከዚያ ጀርባችንን አዙረን፣ ከንፈር ገጥመን ዓረፍተ ነገሩን በ"እምም" ብቻ እናዜመዋለን፤ የተቀመጡት ጥያቄ ይሁን፣ ማረጋገጫ ይሁን፣ ኩርፊያ ይሁን ይገምታሉ። መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል። እኔ ግን ስልክ ላይ ለውጡን ያየሁት በዚህችው ልምምድ ነው።

ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ እትዬ ቆፍጣና ናቸው፤ ያረፈደ ቡናው ላይ ይደርሳል እንጂ ትምህርቱ ላይ አይገባም። የጽሑፍ ፈተና ልምምድ የምትፈልጉ ሌላ ቦታ ሞክሩ። አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና የምትወስዱ ግን፣ በንግግሩ ክፍል ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ አነጋገር ነው፤ ቅላፄና ጉላትም እዚያ ውስጥ ይታያሉ።

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ስልካቸውን እዚህ አለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ወንበሩ ጥቂት ስለሆነ ተራ መጠበቅ ሊኖር ይችላል።